ነበልባልና ፍም

በሰማይ ላይ የሚታዩት ነገሮች አብዛኞቹ ትዕግሥተኞች ናቸው። ጨረቃ ዛሬ በደመና ብትጋረድ ነገ ትወጣለች፤ የአጥቢያ ኮከብንም ዘንድሮ ያላያት ሰው ለከርሞ ይጠብቃታል። ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ እንኳ በ1986 ላመለጠው ሰው ለ2061 ቀጠሮ ሰጥቶ ነው የሄደው። ሥነ ፈለክ የተገነባው በዚህ የሰማይ ታማኝነት ላይ ነው፤ ዛሬ ያላየውን ለማየት የሚሻ ተመራማሪ መሣሪያውን አስተካክሎ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። የጋማ ጨረር ፍንዳታ ይባላል። በአማካይ በቀን አንድ ጊዜ ያህል፣ ከየትኛውም የሰማይ ማዕዘን፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ይጠፋል፤ ከዚያው ምንጭም ዳግመኛ አይመጣም። በዚያች አጭር ጊዜ የሚለቀቀው ኃይል ፀሐይ በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ሁሉ ከምትሰጠው ጋር የሚወዳደር ነው። ሆኖም ዓይን አያየውም። ጋማ ጨረር ከተራው ብርሃን እጅግ የበረታ ቢሆንም የምድር አየር አግዶ ስለሚያስቀረው መሬት ላይ ለቆመ ሰው ሰማዩ እንደ ወትሮው ጸጥ ያለ ነው። በቀጥታ ልታየው የምትችለው ከአየሩ በላይ የምትዞር ሳተላይት ናት፤ ያውም በዚያች ሰከንድ ነቅታ ከተገኘች።

አማርኛ ለዚህ ነገር ገና የጸና ስም አላወጣለትም። “ፍንዳታ” የሚለው ቃል ድምፅን ያስታውሳል፤ በኅዋ ውስጥ ግን ድምፅ የለም። “ብልጭታ” ደግሞ ቀለል ይላል፤ የተበላሸ አምፖልም ብልጭ ይላልና። ተመራማሪዎች ራሳቸው ነገሩን በሁለት ይከፍሉታል። መጀመሪያ በቅጽበት ደርሶ የሚያልፈው የጋማ ጨረር አለ፤ ቀጥሎ በዚያው ቦታ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት እየደከመ የሚቆይ የኤክስሬይ፣ የተራ ብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ ጭላንጭል አለ። ምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ለሁለቱ ስም አያጣም። የመጀመሪያው ነበልባል ነው፤ ሁለተኛው ፍም። ነበልባሉ ይታያል እንጂ አይያዝም፤ ፍሙ ግን ለሚፈልገው ጥቂት ይቆያል። ይሁን እንጂ ነበልባሉ የት እንደነደደ ያላየ ሰው ፍሙን የት ብሎ ይፈልጋል? የዚህ የምርምር ዘርፍ ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ታሪኩም የምሥራቅ አፍሪካን ባሕር ዳርቻ ሳይነካ አላለፈም።

ነገሩ የተጀመረው በእውቀት ፍቅር ሳይሆን በጥርጣሬ ነው። በ1963 (ዓመቶቹ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ የኑክሌር ቦምብ በአየር፣ በውኃ ውስጥና በኅዋ እንዳይሞከር ውል ተፈራረሙ። ተፈራራሚዎቹ ግን አይተማመኑም ነበር። አሜሪካ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር “ቬላ” የተባሉ ሳተላይቶችን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ መላክ ጀመረች። ስማቸው የወጣው በስፓኒሽ ነቅቶ መጠበቅን ከሚያመለክት ቃል ነው። የሚጠብቁትም በኅዋ ውስጥ በስውር የሚፈነዳ ቦምብ የሚረጨውን ጋማ ጨረር ነበር።

ጁላይ 2 ቀን 1967፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 25 ቀን 1959፣ ጋማ ጨረር መጣ። የቦምብ ጨረር ግን አይመስልም ነበር፤ አወጣጡም አወራረዱም የተለየ ነው። በዚያን ዕለት ግን ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። መሣሪያዎቹ መዝግበውታል፤ መዝገቡ ከሌሎች መዝገቦች ጋር ተደርድሮ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በ1969 ሬይ ክሌበሳደልና ሮይ ኦልሰን የተባሉ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች የቆየውን መዝገብ ሲያገላብጡ አገኙት። ኋላ የተላኩት ቬላዎች ሰዓታቸው ይበልጥ የተስተካከለ ስለነበረ ጨረሩ ለአንዷ ሳተላይት ከሌላዋ በስንት የሰከንድ ክፍልፋይ ቀድሞ እንደደረሰ መለካት፣ ከዚያም የመጣበትን አቅጣጫ መገመት ተቻለ። ከምድር አልነበረም፤ ከፀሐይም አልነበረም። ሁለቱ ከኢያን ስትሮንግ ጋር ሆነው በ1973፣ ከ1969 እስከ 1972 የተመዘገቡ 16 ፍንዳታዎችን ለዓለም አሳወቁ።

አንዱ ኃያል ሌላውን ኃያል ለመሰለል የሰቀለው ዓይን፣ ከሁለቱም ኃይል በላይ የሆነ ነገር አይቶ ተመለሰ። ይህ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ብዙ ያልተነገረለት ግን በምዝገባውና በንባቡ መካከል ያለፈው ጊዜ ነው። በ1967 መሣሪያ መዘገበ፤ በ1969 ሰው አነበበ። በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ፍንዳታው ለሰው ልጅ እንዳልነበረ ያህል ነበር። መመዝገብ ማየት አይደለም።

ከ1973 በኋላ ጥያቄው “ከየት?” የሚለው ሆነ። መልሱ አስቸጋሪ የነበረው በጨረሩ ጠባይ ምክንያት ነው። ጋማ ጨረር እንደ ተራ ብርሃን በመስታወት ተሰብስቦ ምስል አይሠራም። ስለዚህ የዘመኑ መሣሪያዎች ፍንዳታው መቼ እንደደረሰ አጥርተው ሲናገሩ፣ ከየት እንደመጣ ግን በግምት ብቻ ይጠቁሙ ነበር። የአንዱን ፍንዳታ ቦታ በትክክል ለማወቅ ቀናት ይፈጅ ነበር። ቦታው ታውቆ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ሲዞሩ ፍሙ ከስሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በአፕሪል 1991 ኮምፕተን የተባለችው የአሜሪካ የጋማ ጨረር መመልከቻ ሳተላይት መጠቀች። በስምንት ማዕዘኖቿ የተተከሉት መሣሪያዎች እስከ 2000 ድረስ 2,704 ፍንዳታዎችን መዘገቡ። ፍንዳታዎቹ በሰማይ ካርታ ላይ ሲቀመጡ በየአቅጣጫው እኩል የተበተኑ ሆነው ተገኙ። ምንጫቸው ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ፀሐይ የምትገኝበት የከዋክብት ስብስብ ቢሆን ኖሮ እንደ ፍኖተ ሐሊብ በሰማይ ላይ እንደ መቀነት በተዘረጉ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ክርክሩ አልበረደም። በአፕሪል 1995 ቦግዳን ፓቺንስኪና ዶናልድ ላም በዋሺንግተን ከተማ በአደባባይ ተከራከሩ፤ አንደኛው ምንጩ በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው ሲል፣ ሌላኛው በፍኖተ ሐሊብ ዳርቻ ነው አለ። የሚዳኛቸው አልተገኘም። ዳኛው ፍሙ ነበር፤ ፍሙን ግን ማንም አላገኘውም።

ዳኝነቱ የመጣው በኬንያ ባሕር ዳርቻ በኩል ነው።

ማሊንዲ የቆየች የንግድ ከተማ ናት። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ከአውሮፓ ተነሥቶ አፍሪካን ዞሮ ሲመጣ፣ የሕንድን ውቅያኖስ የሚያሻግረውን፣ ነፋሱን የሚያውቅ መርከብ መሪ ያገኘው በማሊንዲ ነው። የተጓዡን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ የመሪው ማንነት ግን እስከዛሬ ያከራክራል። ኢጣሊያኖች በ1960ዎቹ ወደዚሁ ዳርቻ የመጡት ለሌላ ጉዞ ነው። በምድር ወገብ አጠገብ የሚተኮስ ሮኬት የምድር ሽክርክሪት ስለሚያግዘው፣ ከማሊንዲ በስተሰሜን ባሕሩ ላይ “ሳን ማርኮ” የተባለ መድረክ ተከሉ፤ በየብሱም የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ አቆሙ። ዲሴምበር 12 ቀን 1970 ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከዚህ መድረክ ተተኮሰች። ዕለቱ የኬንያ ነፃነት ሰባተኛ ዓመት በዓል ነበርና ስሟ “ኡሁሩ” ተባለ፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የዚያ ሥራ መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ከሽልማቱ ጀርባ የኬንያ ባሕር ነበረ። በ1972 ጋማ ጨረርን የምትመለከት ሌላ ሳተላይት ከዚያው ተከትላ ወጣች።

በአፕሪል 1996 ኢጣሊያና ኔዘርላንድስ በጋራ የሠሯት “ቤፖሳክስ” ከአሜሪካ ምድር መጠቀች። መዞሪያዋ ምድር ወገብን ተከትሎ ስለሚሄድ ከመግነጢሳዊ መስክ ጠንቅ አብዛኛውን ትድናለች። ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር አንድ ሰዓት ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ይፈጅባታል። በየዙሩ በማሊንዲ ሰማይ ላይ ታልፋለች፤ ለ10 ደቂቃ ያህልም ከአንቴናው ጋር ትገናኛለች። በዙሩ ያየችውን ሁሉ መዝግባ ትቆይና በዚያች 10 ደቂቃ ታራግፈዋለች። መረጃው ከማሊንዲ በመገናኛ ሳተላይት ወደ ኢጣሊያ ይሻገራል፤ በሮም ተረኞች ቀንና ሌሊት ያነቡታል።

ቤፖሳክስ ሁለት ነገሮችን አጣምራ ይዛ ነበር። አንደኛው የፍንዳታ መቁጠሪያ ነው፤ ይህም በመሠረቱ የሌላ መሣሪያ ጎን እንዳይነካ የተሠራ የክሪስታል ግድግዳ ሲሆን፣ ጋማ ጨረር ሲመታው ቆጥሮ እንዲያሳውቅ ተደረገ። ሁለተኛው ሰፊ የሰማይ ክፍል የሚያይ የኤክስሬይ ካሜራ ነው። ይህ ካሜራ በምስል ፈንታ ጥላን ያነባል። ፀሐይ ወንፊት ውስጥ ስታልፍ መሬት ላይ የብርሃንና የጥላ ንድፍ ትጥላለች፤ ፀሐይ ስትዘም ንድፉም ይዛወራል። ካሜራውም ከፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሳህን አለው፤ ከሥር የወደቀው ጥላ ስንት እንደተዛወረ የሚያሰላ ሰው ጨረሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ግድግዳው “መቼ” ይላል፤ ወንፊቱ “የት” ይላል።

ይህም ሆኖ የመጀመሪያው ዕድል አመለጠ። በጁላይ 1996 ካሜራው ውስጥ የገባ አንድ ፍንዳታ የተገኘው ቆየት ብሎ መዝገብ ሲመረመር ነው፤ ሳተላይቷ ወደ ቦታው ስትዞር አንድ ወር ተኩል አልፎ ነበር፤ አመድ እንኳ አልቀረም። የሮም ተረኞች አሠራራቸውን ለወጡ። መረጃው ከማሊንዲ እንደደረሰ ወዲያው እንዲታይ ሆነ። በጃንዋሪ 1997 በሌላ ፍንዳታ ላይ ሳተላይቷ በ16 ሰዓት ውስጥ ዞረች። አሁንም እርግጠኛ የሚባል ፍም አልተገኘም።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 21 ቀን 1989፣ ዕለቱ ዓርብ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሊነጋጋ ሲል፣ ለ12 ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከኦሪዮን የኮከቦች ስብስብ አቅጣጫ ጋማ ጨረር መጣ። አንድ ጊዜ በርትቶ መታ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ደከም ባሉ ሦስት ምቶች ተከተለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 80 ሰከንድ ያህል ነው። ግድግዳው ቆጠረ፤ ወንፊቱ ጥላውን ያዘ። ሳተላይቷ በማሊንዲ ላይ ስታልፍ ሸክሟን አራገፈች፤ በሮም የነበሩት አነበቡት። ከፍንዳታው ስምንት ሰዓት በኋላ የሳተላይቷ ኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ወደ ቦታው ዞረው ነበር። ከዚህ በፊት የማይታወቅ አንድ የኤክስሬይ ነጥብ ይበራል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግመው ሲያዩት ብርታቱ ወደ አንድ ሃያኛ ወርዷል። እየከሰመ ነው። ፍም ነው።

በዚያው ዕለት ማታ በላ ፓልማ ደሴት ያለው የዊልያም ሄርሼል ቴሌስኮፕ ቦታውን ፎቶግራፍ አነሣው። ያን ፋን ፓራዳይስና ወጣት ተመራማሪዎቹ ማርች 8 ከተነሣው ሌላ ፎቶግራፍ ጋር ሲያስተያዩት በመጀመሪያው ላይ የነበረ አንድ የብርሃን ነጥብ በሁለተኛው ላይ የለም። በኋላ በሀብል ቴሌስኮፕ ሲታይ ነጥቡ ከአንድ የደበዘዘ፣ የሩቅ የከዋክብት ስብስብ ጠርዝ ላይ ነበር። በግንቦት ወር ሌላ ፍንዳታ ተያዘ፤ በሃዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ የፍሙን ብርሃን ተንትኖ ርቀቱን ለካ። ብርሃኑ ተነሥቶ እስኪደርስ ወደ 7 ቢሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሲነሣ ፀሐይም ምድርም አልነበሩም። የ1995ቱ ክርክር እዚህ ላይ አበቃ። ፓቺንስኪ ትክክል ነበር።

ፍሙ የፍንዳታውን አገር ነገረ፤ የፍንዳታውን ባሕርይ የሚናገረው ግን ያው ነበልባሉ ነው። ከሁለት ሰከንድ የሚረዝሙት አብዛኞቹ ፍንዳታዎች፣ ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ሲወድቅ የሚፈጠሩ ናቸው። ከወደቀው ኮከብ ከብርሃን ፍጥነት እጅግም ያልራቀ ቀጭን የቁስ ፍላጻ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣል፤ ፍላጻው ወደ ምድር ካነጣጠረ ጋማ ጨረሩ ይታያል፤ ወደ ሌላ ካነጣጠረ አይታይም። ከሁለት ሰከንድ የሚያጥሩት አብዛኞቹ ደግሞ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተላትመው ሲዋሐዱ የሚመጡ ናቸው። ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት እንዲህ ያሉ ኮከቦች ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ሲዋሐዱ የላኩት የስበት ሞገድ ምድር ደረሰ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት አጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዘገበች። የተከተለው ፍም እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለ ልትሚያ እንደሚፈጠሩ አመለከተ። በጆሮ ጉትቻ ላይ ያለው ወርቅም ከዚህ ዓይነት ነበልባል የተረፈ ሊሆን ይችላል።

ከቤፖሳክስ በኋላ ፍጥነቱ ጨመረ። በኖቬምበር 2004 የመጠቀችው ስዊፍት የወንፊቱን ስሌት ራሷ ሠርታ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ወደ ፍንዳታው መዞር እንድትችል ሆና ተሠራች፤ መረጃዋን ከምታወርድባቸው ጣቢያዎች አንዱ ያው የማሊንዲ ጣቢያ ሆነ። ይሁንና ፍጥነት ብቻውን በቂ አይደለም። ማርች 19 ቀን 2008 ከ7 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ የአንድ ፍንዳታ ብርሃን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያለ መነጽር ሊታይ እስኪችል በራ። በምሥራቅ አፍሪካ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ስለነበር ሰማዩ የፀሐይ ነው። በቺሊ ግን ሌሊት ነበር፤ በዚያ የነበሩ ሰፊ ካሜራዎች ብርሃኑን ገና ሲወጣ ያዙት። ለምን ቢባል፣ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት በአቅራቢያው ሌላ ፍንዳታ ታይቶ ስለነበር አስቀድመው ወደዚያው ያዩ ነበር። ነበልባሉ ሲነሣ የሮጠ አልያዘውም፤ አስቀድሞ የቆመ ያዘው።

ኦክቶበር 9 ቀን 2022፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 29 ቀን 2015፣ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ደግሞ እስከዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታው መጣ። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ሰማይ ላይ፣ ከወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ፣ ከራስ በላይ ማለት ነው። የእሑድ ቡና የሚጠጣው ሰው አንዳች አልተሰማውም። ከራሱ በላይ ያለው አየር ግን ተመታ፤ በምድር ላይ የሬዲዮ ሞገድ የሚከታተሉ መሣሪያዎች የላይኛው አየር መታወኩን መዘገቡ። የፌርሚ መቁጠሪያዎች ከብዛቱ የተነሣ መቁጠር አቃታቸው። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ስዊፍት ፍሙን ስታገኝ እጅግ ከመብራቱ የተነሣ ከዚሁ ከፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የመጣ መስሎ ነበር፤ የሁለቱ ሳተላይቶች መዝገብ ተስተያይቶ አንድ ነገር መሆኑ ሲታወቅ ነው ርቀቱ የገባቸው። ወደ ሁለት ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ጉዞ ነበር። እንዲህ ያለው በ10,000 ዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው ተብሎ ተገምቷል።

እዚህ ላይ የባሕሩ ዳርቻ ጥያቄ ይመለሳል። በየካቲት 1989 ማለዳ የወረደውን ምልክት የተቀበለው የማሊንዲ አንቴና ነው፤ ስለ ምልክቱ የወጡት ታላላቅ ጽሑፎች ግን ከሮም፣ ከአምስተርዳምና ከመሰሎቻቸው ወጡ። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ሳተላይቷን የሠሩት፣ ገንዘቡን ያወጡት፣ ሌሊቱን የነቁት እነርሱ ናቸው። ለጣቢያው ሠራተኞች ያ ዓርብ እንደ ሌላው ዓርብ ያለፈ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን በ1498 መርከብ መሪውን የሰጠ ወደብ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ አንቴናውን የሰጠ ወደብ፣ በሁለቱም ጊዜ መንገዱን አሳይቶ ታሪኩን በሌላ ሰው ቋንቋ አነበበ። ወደብ የሰጠ ሁልጊዜ መጽሐፍ አይጽፍም። መሬቱ፣ ሰማዩና ምድር ወገቡ የማይወሰዱ ሀብቶች ናቸው፤ ዕውቀቱ ግን በሥፍራ አይወረስም። ለሚያነበው ነው የሚሰጠው።

ነገሩ ጨርሶ እንደቆመ አልቀረም። ኬንያና ኢጣሊያ በ2016 የተፈራረሙት አዲስ ስምምነት ሥልጠናንና ትምህርትን አካትቷል፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከሮም ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠራት ትንሽ ሳተላይት በ2018 ኅዋ ገብታለች። ኢትዮጵያም በ2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን አምጥቃለች፤ በእንጦጦ ተራራ ላይም ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በሌላው ዓለም ይህን የሚያህሉ ቴሌስኮፖች ፍም ፍለጋ ይሰማራሉ፤ ሳተላይቶች ነበልባሉን ሲያዩ የሚልኩት ማስታወቂያ በነፃ ለሁሉ የሚደርስ ነውና። የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ብዙ ንቃት ነው፤ መብራቱ የማይጠፋ ክፍል፣ የማይቋረጥ የመገናኛ መስመር፣ በእኩለ ሌሊት ሲጠሩት የሚነሣ ሰው። እነዚህ ሦስቱ ቀላል እንዳልሆኑ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ቴሌስኮፕ በአንድ ቀን ይመረቃል፤ ተረኛ ግን በዓመታት ነው የሚፈጠር።

ለማንበብ ደግሞ ሁልጊዜ ፈጣን መሆን አያስፈልግም። ኮምፕተን ሳተላይት በ2000 ውቅያኖስ ውስጥ ወድቃ አልቃለች፤ መዝገቧ ግን ለሚሻው ሁሉ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ሴሲሊያ ኪሬንቲና ባልደረቦቿ ከ700 በላይ የሆኑ የቆዩ አጫጭር ፍንዳታዎችን እንደገና አንብበው በጃንዋሪ 2023 ውጤቱን አሳተሙ። ከሁሉ መካከል በሁለቱ ውስጥ፣ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ትርታ አገኙ። እንደ እነርሱ ትርጓሜ ይህ ትርታ፣ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተዋሕደው የፈጠሩት አንድ ግዙፍ ኮከብ ወደ ጥቁር ጉድጓድነት ከመውደቁ በፊት ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ በሕይወት ሳለ ያሰማው ነው።

ከሁለቱ አንዱ የተመዘገበው ጁላይ 11 ቀን 1991 ነው። በኢትዮጵያ መንግሥት ከተለወጠ አንድ ወር ተኩል ሆኖት፣ ሰዉ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያለ ሬዲዮ አጠገብ የሚያመሽበት ክረምት ነበር። በዚያ ክረምት አንድ ምልክት መጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተቆጥሮ ተቀመጠ። ብዙ ሰዎች ዓይናቸውን አሳልፈውበታል። ትርታውን ለመስማት 30 ዓመት ከዚያም በላይ ፈጀ፤ የጎደለው ሌላ ሳተላይት አልነበረም፤ አንባቢ ነበር። ከዚያው መዝገብ የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ዛሬም ከማሊንዲም ሆነ ከአዲስ አበባ ይከፈታሉ።